መዝገቡ የማይጽፈው

ውድ የዛሬ ተመራቂ አዋላጆች፤

የክብር እንግዳ ተብሎ የተጠራ ሰው ስለ ስኬቱ ቢያወራ ያምርበታል። እኔ ግን ከ30 ዓመት በላይ በማዋለጃ ክፍል ቆሜ ካየሁት ሁሉ ለእናንተ ይበጃል ብዬ ይዤ የመጣሁት አንድ ጥፋቴን ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሌሊት ነው፤ ተረኛዋ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሦስት እናቶች ምጥ ይዟቸዋል። አንደኛዋ የመጀመሪያዋ ነው፤ ገና ልጅ እግር፣ ከገጠር የመጣች። አምጪ ስላት እግሯን ትገጥማለች። ጮኽኩባት። አልሰማ ስትለኝ ጭኗን በጥፊ አጮልኳት። «ያኔ ያልጮኽሽ አሁን ምን ያስጮኽሻል?» አልኳት። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ተወለደ፤ አለቀሰ። መዝገቡን ሳብኩና ጻፍኩ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ወንድ፣ ክብደት፣ እናትና ልጅ ደኅና። ጠዋት አለቃዬ መዝገቡን አይታ «ጎበዝ» አለችኝ። ልጅቷም ስትወጣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ጎንበስ አለችልኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ገበያ ላይ አገኘኋት። ሌላ ልጅ አዝላለች። የት ወለድሽ ስላት «እቤት» አለችኝ። ለምን እኛ ዘንድ እንዳልመጣች ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ ዓይኗ ወደ እጄ ሲሄድ አየሁት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

ልጆቼ፣ የማዋለጃ መዝገብ ብዙ ዓምድ አለው። «ተሰድባለች ወይ? ተመትታለች ወይ?» የሚል ዓምድ ግን እኔ አላየሁም። እናትና ልጅ ከተረፉ ሌላው ሁሉ ይሸፈናል። እናቲቱ ራሷም ትሸፍንልናለች፤ ልጇን ታቅፋ የምትወጣ ሴት ክስ አታነሳም፤ ትመርቃለች። እኛም ምርቃቷን ምስክር አድርገን እንቀመጣለን።

እ.ኤ.አ. በ2010 ዳያና ባውዘርና ካትሊን ሂል የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን የተሸፈነ ነገር በሰባት ከፍለው አስቀመጡት፦ መምታት፤ ሳያስፈቅዱ መንካትና መቅደድ፤ ገመናዋን ሰው ፊት ማውጣት፤ ማዋረድ፤ በድህነቷ፣ በዘሯ ወይም በዕድሜዋ ማድላት፤ ጥሎ መሄድ፤ አልከፈልሽም ብሎ ማገት። ዝርዝሩን ሳነብ ጣቴን አጠፍኩ፤ በዚያች ሌሊት ብቻ ሦስቱን ፈጽሜያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ጤና ድርጅት ማንኛዋም ሴት በክብር የመስተናገድ መብት አላት ሲል አወጀ። የእኛም ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አደረገው።

ለመሆኑ እንደዚያች ልጅ ያሉ እናቶች በቤታቸው መውለድን የመረጡት አላዋቂ ስለሆኑ ነው? በቤቷ ጎረቤት ይሰበሰብላታል፤ አንዷ ወገቧን ትይዛለች፤ ሌላዋ ማርያም ማርያም ትላለች፤ ገንፎው ይገነፋል። እኛ ደግሞ እናቷን ደጅ አስቀርተን፣ በጀርባዋ አስተኝተን፣ ለምን ጮኽሽ እንላታለን። ያ ቤት ግን ደም ሲፈስ የሚያቆም መድኃኒት የለውም። ምጡ ቀናት ሲፈጅባት ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት የምትቀር እናት አለች፤ ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል የመሠረቱት እንዲህ ላሉት ነው።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ያህሉ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ጥናት 48 ደረሱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ወጣቶች በቃሬዛ እየተሸከሙ ያመጧቸው ናቸው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ተሠርቶ ገንፎና ቡና ገባ። ማቆያው ውስጥ ገንፎ፣ ማዋለጃው ውስጥ ስድብ ከሆነ ግን ያ ሁሉ ልፋት ደጃፋችን ላይ ይፈሳል።

ይህን ስል ድካማችሁን ረስቼ አይደለም። ውኃ የሌለበት ማዋለጃ፣ ጓንት ያለቀበት ሌሊት፣ የዘገየ የዲዩቲ ክፍያ ይጠብቃችሁ ይሆናል። እዚህ የተቀመጣችሁ ኃላፊዎችም ስሙኝ፦ ሦስት ምጥ ብቻዋን የያዘች አዋላጅ ባለችበት ግድግዳ ላይ «እናቶችን እናክብር» የሚል ወረቀት ለጥፎ መሄድ ግፍ ነው፤ ሰው ጨምሩላት።

ቢሆንም ልጆቼ፣ ራሴን ላታልል አልችልም። ያን ሌሊት ሌሎቹን ሁለቱን አልመታሁም። አንደኛዋ የመምህር ሚስት ነበረች፤ «እትዬ፣ አይዞዎት» እያልኩ ነው ያዋለድኳት። ድካሜ ለሦስቱም እኩል ነበር። የመታሁት የሚጠይቅላት የሌላትን ነው።

መምታቱንስ ማን አስተማረኝ? መጽሐፍ አይደለም። ተለማማጅ ሳለሁ ታላላቆቼ ሲያደርጉት አይቼ ነው። እናንተም በልምምድ ጊዜ ያያችሁት አይጠፋም። ከነገ ጀምሮ ግን ተለማማጆች የሚያዩት እናንተን ነው።

አደራዬ አጭር ነው። እናት ስትገባ ስማችሁን ንገሯት፤ ስሟን ጠይቋት። ከመንካታችሁ በፊት አስፈቅዷት፤ መጋረጃውን ሳቡላት። የምትፈልገውን ሰው አስገቡላት፤ በሚመቻት አኳኋን ታምጥ። ያለ በቂ ምክንያት መቀስ አታንሱ፤ ስትሰፉ አደንዝዙ። ክፉ ቃል ካመለጣችሁ ሳትወጣ ይቅርታ ጠይቋት። እኔ ገበያ መሃል ቆሜ አፌ ተሳስሮ ሳልጠይቃት አለፍኩ፤ ዳግም አላገኘኋትም።

መዝገቡን ሞልታችሁ እስክሪብቶውን ከማስቀመጣችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይቺ እናት ለሚቀጥለው ልጇ ወደ እኔ ትመለሳለች? እኔ በዚያች ሌሊት ይህን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ «እናትና ልጅ ደኅና» ብዬ አልጽፍም ነበር።