ለጦር የተሠራ፣ ለሁሉ የተረፈ

 

ዛሬ ብዙዎቻችን መንገድ ላይ ሶላት ሲደርስብን ቂብላን በእጅ ስልካችን እንፈልጋለን። ስልኩ ያለንበትን ስፍራ የሚያውቀው ጂ.ፒ.ኤስ. ከሚባሉት ሳተላይቶች በሚቀበለው ምልክት ነው። ይህን ያሠራው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ ሳተላይት የመጠቀችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነበር። ዓላማውም ወታደራዊ ነበር።

በ1983 አንድ የደቡብ ኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መስመሩን ስቶ ሶቭየት ኅብረት የአየር ክልል ገባ፤ ተመትቶም 269 ሰዎች አለቁ። ከዚህ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሲቪሎችም በነፃ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ይሁን እንጂ ለሕዝብ የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ስለተደረገ እስከ መቶ ሜትር ይስት ነበር። ይህ ገደብ የተነሳው በሜይ 2000 ነው።

ዛሬ መርከበኛው፣ የአምቡላንስ ሾፌሩ፣ ካርታ ሠሪው ይጠቀሙበታል፤ ነጋዴውም ሥራ ፈጥሮበታል። ሚሊዮኖች ቢቀበሉት ምልክቱ አይጎድል፤ የጦሩም ድርሻ አልቀነሰም።

ወንድሞችና እህቶች! በየቤታችንስ ለጎረቤት ያልነገርነው ሙያ፣ ለልጆቻችን ያላስተማርነው ዒልም ስንት ነው? ዕውቀት አማና ነው። ለማካፈል የሰው ሕይወት እስኪጠፋ አንጠብቅ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን፣ የማይሰስት ልብንም ይለግሰን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።