ዕዳን እየከፈሉ ያላግባብ የተወሰደን ገንዘብ ማስመለስ

(በአንኮበር ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ገብስ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አጣጣል አይደለም። ዘሩንና ማዳበሪያውን ለመግዛት ስለምንገባበት ዕዳ ነው። እኔ የሰብል ባለሙያ ነኝ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ይሁን እንጂ ገበሬው በላቡ ያገኘውን ምርት ሒሳቡን ባለመመርመሩ ብቻ የሚያጣው ከሆነ፣ ነገሩ የእርሻ ባለሙያንም ይመለከታል። እህል ከአውድማ ሲነሣ ሳይሰፈር ወደ ጎተራ የሚያስገባ ገበሬ የለም። ዕዳም እንደዚሁ መሰፈር አለበት።

በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ደጋ ያለው ገበሬ የጥቅምትን ውርጭና የበረዶን ጉዳት ያውቃል። የበልግ ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚከተልም ያውቃል። ሰብሉ ሲጠፋ ብድሩ አብሮ አይጠፋም። ዋጋም ሲወድቅ እንዲሁ ነው። በ1994 ዓ.ም. ምርቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ የበቆሎ ዋጋ እጅግ በመውደቁ፣ በሀገራችን በርካታ ገበሬዎች የማዳበሪያ ዕዳቸውን ለመክፈል ከብቶቻቸውን እስከ መሸጥ ደርሰዋል። እንዲህ ያለ ችግር ሲደርስ የተሻለው መንገድ ከአበዳሪው ጋር በጽሑፍ ተስማምቶ የመክፈያውን ጊዜ ማራዘም ነው። ዕዳውን ለመዝጋት ወደ አራጣ አበዳሪ የሚሄድ ሰው ግን ከድጡ ወደ ማጡ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የመክፈያ ጊዜው በስምምነት ከተራዘመ በኋላ፣ በሒሳቡ ላይ ያልተገባ ቅጣት ወይም የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ ቢገኝ ምን ይደረጋል? ብዙ ሰው «ዕዳ ያለበት ሰው ምን አፍ አለው?» ብሎ ዝም ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ዕዳ መኖሩ ያላግባብ የተወሰደን ገንዘብ ከመጠየቅ አያግድም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2164 መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው እንዲመለስለት ለመጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ባለዕዳም ቢሆን ከዚህ መብት አልተከለከለም።

በመጀመሪያ ግን የሚገባውንና የማይገባውን እንለይ። በውሉ ላይ የተጻፈና በትክክል የተሰላ ወለድ ቢከብደንም ያላግባብ የተወሰደ አይባልም። ያላግባብ የሚባሉት እንደነዚህ ያሉት ናቸው፦

አንደኛ፣ በውሉ ላይ ያልተጻፈ ክፍያ።

ሁለተኛ፣ አንዱ ክፍያ ሁለት ጊዜ የተቈረጠ እንደ ሆነ።

ሦስተኛ፣ ጊዜው በስምምነት ተራዝሞ ሳለ በቀድሞው ቀን ተቈጥሮ የተጣለ የመዘግየት ቅጣት።

አራተኛ፣ ገበሬው በቀኑ ከፍሎ ደረሰኝ ሲይዝ፣ ገንዘቡ በመዝገብ ዘግይቶ በመግባቱ የተጣለ ቅጣት።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ገበሬ በሬና ማዳበሪያ ለመግዛት ተበደረ እንበል። ውርጭ ሰብሉን ስለ መታበት የቀረውን 24,000 ብር ዋና ገንዘብ ከነወለዱ በሦስት ጊዜ ለመክፈል ከአበዳሪው ጋር ተፈራረመ። የመጀመሪያውን ክፍያ በቀኑ ከፈለ። በኋላ የሒሳብ መግለጫ ቢጠይቅ፣ ከስምምነቱ በኋላ 1,200 ብር «የመዘግየት ቅጣት» ተብሎ ተጨምሮበት አገኘ። ከፊል ክፍያ ሲከፈል ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ወጪና ወለድ ይነሣለታል፤ ዋናው ገንዘብ የሚቀነሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ያ ቅጣት ከከፈለው ላይ 1,200 ብር በላበት ማለት ነው፤ ዋናው ዕዳም በዚያው ልክ ሳይቀንስ ቀረ። ወለዱ በዓመት ከመቶ 15 ቢሆን፣ ባልተቀነሰው 1,200 ብር ላይ በዓመት 180 ብር ወለድ ይታሰባል። እንግዲህ የገበሬው ጉዳት 1,200 ብር ሳይሆን በዓመቱ መጨረሻ 1,380 ብር ነው። ትንሽ የሚመስል ስሕተት ሳይታረም ሲቈይ እንደ አረም ይበዛል።

ይህ ገበሬ ምን ማድረግ ይገባዋል? ከሁሉ በፊት የማይገባውን ልንገራችሁ። «1,200 ብር ወስደውብኛልና ከሚቀጥለው ክፍያ ላይ እቀንሳለሁ» ማለት የለበትም። ራሱ ቀንሶ የከፈለ እንደ ሆነ ስምምነቱን እንዳፈረሰ ሊቈጠር ይችላል። ያን ጊዜ ትክክለኛ ቅጣት ይመጣበታል፤ በቡድን የተበደረ ከሆነ ዋስ የሆኑት ጎረቤቶቹ ይጠየቃሉ፤ የመሬት መጠቀሚያ መብቱን ያስያዘም ከሆነ መያዣው አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሁለቱን ጉዳዮች መለየት ያስፈልጋል፤ ክፍያው በቀኑና በሙሉ ይከፈል፤ አቤቱታው ለብቻው በጽሑፍ ይቅረብ።

ክፍያውን ሲከፍልም፣ አዲስ የማራዘሚያ ውል ሲፈርምም፣ በዝምታ የተቀበለ እንዳይመስል መጠንቀቅ አለበት። በውሉ ላይ «ቀሪውን ዕዳ በሙሉ አምኜ ተቀብያለሁ» የሚል ቃል ቢገኝ፣ ክርክር ያለበት ቅጣት አብሮ እንዳይታመን «ስለ 1,200 ብሩ ቅጣት ያቀረብሁት አቤቱታ እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚል ቃል እንዲጻፍለት ይጠይቅ። ይህ አንድ መሥመር ብዙ ያድናል።

ቀጥሎ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይያዝ።

መጀመሪያ ማስረጃውን ይሰብስብ። የብድሩ ውል፣ የማራዘሚያው ስምምነት፣ የቁጠባ ደብተሩና ደረሰኞቹ በአንድ ላይ ይቀመጡ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጻፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ይፈልጋል፤ መክፈልንም ለማስረዳት ወረቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ በቀበሌ ለሚሰበስብም ሠራተኛ ቢሆን ያለ ደረሰኝ ገንዘብ አትስጡ።

ሁለተኛ፣ የሒሳብ መግለጫ ይጠይቅ። መግለጫውን ከውሉ ጋር መሥመር በመሥመር ያስተያይ። ማንበብ የማይችል እንደ ሆነ የተማረ ልጁን ወይም የልማት ሠራተኛውን ያስነብብ።

ሦስተኛ፣ አቤቱታውን ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱን ሰጥቶ በሌላው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን ያስቀምጥ። ቃሉም አጭር ይሁን፤ ለምሳሌ እንዲህ፦

«በዚህ ቀን በተፈራረምነው የማራዘሚያ ስምምነት መሠረት ክፍያዬን በወቅቱ ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ ተያይዟል። ነገር ግን በሒሳቤ ላይ 1,200 ብር የመዘግየት ቅጣት ተጨምሮ አገኘሁ። ቅጣቱ ከተጣለበት ቀን ጀምሮ እንዲሰረዝ፣ በዚሁ ምክንያት የታሰበው ወለድ እንዲነሣና የታረመ ሒሳብ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

እዚህ ላይ «ከተጣለበት ቀን ጀምሮ» የሚለውን ልብ በሉ። ቅጣቱ ዛሬ ብቻ ቢሰረዝ 180 ብሩ ወለድ ተረስቶ ይቀራል።

አራተኛ፣ ቅርንጫፉ መልስ ካልሰጠ ወይም መልሱ ካላረካ፣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የቅሬታ ክፍል ይቅረብ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ፣ አበዳሪዎች ክፍያቸውን ለደንበኛው እንዲገልጹና ቅሬታ የሚያስተናግዱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያዛል። በዚያ ያልረካ ደንበኛ አቤቱታውን ለብሔራዊ ባንኩ ሊያቀርብ ይችላል። ይህ ባንኮችንም አነስተኛ የብድር ተቋሞችንም ይመለከታል። በአማራ ክልል ብዙ ገበሬ የሚያውቀው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ1989 ዓ.ም. ፈቃዱን ያገኘው ከብሔራዊ ባንክ ነው፤ ዛሬ ፀደይ ባንክ ከሆነ በኋላም የሚቈጣጠረው ይኸው ባንክ ነው።

ከገጠር ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የተበደረ ግን መንገዱ ሌላ ነው። አስቀድሞ ለማኅበሩ የሥራ አመራርና የቁጥጥር ኮሚቴ፣ ቀጥሎም ለወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ያመልክት። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 እንዲህ ያለው ክርክር በእርቅና በግልግል የሚታይበትን መንገድ አዘጋጅቷል። የፍርድ ቤት በር የመጨረሻው ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ይቀራል። አቤቱታው ተቀባይነት ሲያገኝ ገንዘቡ በእጅ ይሰጣል ወይ? ዕዳ ላለበት ሰው ብዙውን ጊዜ አይሰጥም፤ ከዕዳው ላይ ይቀነስለታል። ሕጉ ማቻቻል ይለዋል። ይህን ሰምታችሁ ቅር አይበላችሁ። ወለድ ከሚወልድ ዕዳ ላይ የተቀነሰ ገንዘብ የጠፋ ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን «ይመለስልኛል» ተብሎ በዚያ ገንዘብ ዘር ለመግዛት አስቀድሞ ማሰብ አይገባም። ሲቀነስም የሚቀጥለው ክፍያ ያንሳል ወይስ የመጨረሻው የሚለው በአዲስ የመክፈያ ሠሌዳ ላይ ተጽፎ ይሰጥ። ካልተጻፈ በቀር ቀድሞ የተወሰነው መጠን እንዳለ ይከፈል።

ለልማት ሠራተኞች ጥቂት ልጨምር። ውርጭ ወይም በረዶ በጣለ ጊዜ ቀኑን፣ የተጎዳውን ማሳ ስፋትና የሰብሉን ዐይነት ወዲያው መዝግቡ፤ ቀበሌውም ያረጋግጠው። ገበሬው የማራዘሚያ ጥያቄ ሲያቀርብ ይህ መዝገብ ይረዳዋል። የመክፈያው ቀንም በአዝመራው ልክ እንዲወሰን አሳስቡ። በልግ ለሚያመርተው ሰኔ፣ መኸር ለሚሰበስበው ታኅሣሥና ጥር ይሻላል። በነሐሴ ክፈል የተባለ የደጋ ገበሬ ከበጎቹ በቀር የሚሸጠው አይኖረውም።

ወገኖቼ፤ የተበደሩትን መመለስ ክብር ነው፤ ይህን ለእናንተ ማስተማር አያስፈልግም። ያልተበደሩትን መክፈል ግን ክብር አይደለም። ዛሬ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ከሣጥናችሁ ውስጥ ውሉንና ደረሰኙን አውጡ፤ ቍጠሩም። ትክክል ሆኖ ከተገኘ ልባችሁ ያርፋል። ስሕተት ከተገኘም ክፍያችሁን ሳታቋርጡ በጽሑፍ ጠይቁ።

 መልካም አዝመራ ይሁንላችሁ።