ሐኪሙ እስኪደርስ ድረስ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በቀይ መስቀል ክበብ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ደም መናገሬ ያለ ቦታው የገባ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ልጆች በሚሮጡበት፥ መስታወትና መጋዝ በማይጠፋበት ግቢ ይህ ጉዳይ ለነገ የሚባል አይደለም።

ባለፈው ዓመት የአንድ ጓደኛችን ክንድ በተሰበረ የመስኮት መስታወት ተቈረጠ። ደሙ ሲንዠቀዠቅ ሁላችንም ተሯሯጥን፤ ከፊላችን መኪና ፍለጋ፥ ከፊላችን ውሃ ፍለጋ፤ አንዱም የቡና ዱቄት ይዞ መጣ። ቍስሉን የያዘ ግን አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እናታችን ነጠላቸውን አጣጥፈው በሁለት እጃቸው ተጭነው ያዙት። ኋላ ማን እንዳስተማራቸው ብጠይቃቸው፥ «የሚፈስ ነገር ይደፈናል እንጂ ቆመው ያዩታል እንዴ፥ ልጄ?» አሉኝ። ያ ጓደኛችን ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጧል።

በአንድ ዐዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ያህል ነው። ትልቅ የደም ሥር የተቈረጠ እንደ ሆነ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ አምቡላንስ ግን ቢፈጥንም በዚያ ጊዜ ላይደርስ ይችላል። በአሜሪካ አገር በ2012 እ.ኤ.አ. በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕፃናትና መምህራን በጥይት ከተገደሉ በኋላ፥ ሐኪሞችና የጸጥታ ባለሥልጣኖች በ2013 በሃርትፎርድ ከተማ ተሰብስበው መከሩ። በ2015ም «ደሙን አቁም» የተባለው ለሕዝብ የሚሰጥ ትምህርት ተጀመረ። የቴክሳስ ግዛትም በ2019 ባወጣው ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የደም ማቆሚያ ዕቃ እንዲያኖሩና ሠራተኞቻቸው እንዲሠለጥኑ አዘዘ።

ሥራው ይህ ነው። አስቀድሞ አንዱ አምቡላንስ ይጥራ። ሌላው እጁን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍኖ ንጹሕ ጨርቅ በቍስሉ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ አጥብቆ ይጫን፤ ቆመ ወይ ብሎ ገልጦ አይይ። የክንድ ወይም የእግር ቍስል ጥልቅ ከሆነ ጨርቁን ወደ ውስጥ ጠቅጥቆ ይጫን። በዚህም ካልቆመ፥ ከቍስሉ በላይ ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ርቆ፥ በመገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፥ የደም ማቆሚያ ማሰሪያውን ደሙ እስኪቆም ያጥብቅ፤ የታሰረበትንም ሰዓት ይጻፍ። ሕመም ቢኖረውም ሐኪም ሳያይ አይፈታም። የተሰካ መስታወት አይነቀል፤ ዙሪያው ይያዝ እንጂ። የቡና ዱቄትም ቍስሉን ያቈሽሻል እንጂ እንዲህ ያለውን ደም አያቆምም።

ስለዚህ ልመናችን ሁለት ነው። አንደኛው፥ ይህ ትምህርት ለመምህራን ብቻ ሳይሆን ለዘበኛው፥ ለወጥ ቤቷና ለጽዳት ሠራተኞችም በየዓመቱ ይሰጥ፤ አደጋ ሲደርስ ማን ቅርብ እንደሚሆን አይታወቅምና። ሁለተኛው፥ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥናችን ከተቈለፈበት ክፍል ወጥቶ ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ደም ቍልፍ እስኪገኝ አይጠብቅም።