የአፍ ካንሰር በወንድና በሴት የት የት ይወጣል?

(በነዋሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ በጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አፍ ካንሰር ነው። ይህ በሽታ ሆድ ዕቃ ውስጥ እንደሚደበቀው ዓይነት አይደለም፤ መስተዋትና ብርሃን ካለ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ይታያል። ታዲያ ብዙዎቻችን ከንፈራችን ሲቆስል «ኧረ ምች ነው» ብለን ዳማከሴ አሽተን እንቀመጣለን። ምች ከሆነ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይድናል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ቁስል ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ከ377 ሺህ በላይ ሰዎች የከንፈርና የአፍ ካንሰር እንደያዛቸው ተገምቷል። ከነዚህ ውስጥ ወንዶቹ ከሴቶቹ ከእጥፍ በላይ ናቸው። ዋናዎቹ ምክንያቶች ትንባሆና አልኮል ሲሆኑ፣ ሁለቱ ሲደራረቡ ጉዳቱ ይብሳል።

እንግዲህ የሚወጣባቸውን ቦታዎች እንመልከት፦

1ኛ/ በወንዶች፦ በብዛት የሚታየው በምላስ ጎንና ጎን፣ እንዲሁም ከምላስ ሥር ባለው የአፍ ወለል ላይ ነው። የትንባሆው መርዝ ከምራቅ ጋር ወርዶ እዚያ ይጠራቀማል። ቆዳቸው ነጣ ባሉ ሕዝቦች ዘንድ ደግሞ ዘመናቸውን ፀሐይ ላይ የሚሠሩ ወንዶችን የታችኛው ከንፈራቸው ላይ ይይዛቸዋል።

2ኛ/ በሴቶች፦ በሴቶችም የምላስ ጎን ዋናው ቦታ ነው። ሆኖም በተለይ ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ድድና የጉንጭ ውስጥ ላይ የመውጣቱ ድርሻ ከወንዶቹ ከፍ ይላል። «እኔ አላጨስ፣ አልጠጣ፣ ምን ይነካኛል?» የምትሉ እናቶች ይህን ልብ በሉ። ድድ ላይ ሲወጣ የጥርስ በሽታ ይመስላል፤ ጥርስ ይነቃነቃል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስም አልገጥም ይላል። ጥርስ ተነቅሎ ቦታው አልድን ካለ እንደገና መታየት ያስፈልጋል።

3ኛ/ በሁለቱም፦ ትንባሆ አፉ ውስጥ የሚይዝ ሰው የሚጎዳው በሚይዝበት በኩል ነው። በህንድ አገር የጉንጭና የድድ ካንሰር የበዛው በዚሁ ምክንያት ነው።

ምልክቱ የማይድን ቁስል፣ እብጠት፣ ነጭ ወይም ቀይ ሽፋን ነው። ቀዩ ከነጩ ይልቅ ያሰጋል። አለማመሙ አያዘናጋችሁ፤ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም።

ስለዚህ በወር አንድ ቀን አፋችሁን በመስተዋት እዩ። ከንፈርን ገልብጡ፤ ምላስን በንጹሕ ጨርቅ ይዛችሁ ግራና ቀኙን፣ ከፍ አድርጋችሁም ሥሩን ተመልከቱ፤ ጉንጭንና ድድን፣ ከመንጋጋ ሥርም እብጠት መኖሩን በጣት ዳስሱ። ዓይናቸው የደከመ አዛውንቶችን ልጆቻቸው ይዩላቸው።

አጠራጣሪ ነገር ከተገኘ አትተኩሱት፣ አታስቆርጡት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሐኪሙ ካስፈለገ ከቁስሉ ትንሽ ሥጋ አስወስዶ በማይክሮስኮፕ ያስመረምራል። ትንሽ ሳለ የተገኘ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ ወደ አንገት ዕጢዎች ከተዛመተ በኋላ ግን ሕክምናው ከባድ ነው።

ይህን የሰማችሁ ላልሰማው ጎረቤት ንገሩ።



የነዋሪዎች ማኅበሩ የጤና ኮሚቴ