የሞተር ሳይክል ጥገና፦ የባለቤቱ ሥራና የመካኒኩ ሥራ



ሺሺንዳ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከጫካው ጥግ እስከ መንገዱ ድረስ ግን ቡና የሚጓጓዘው በሰው ጫንቃ፣ በፈረስና በሞተር ሳይክል ነው። በለቀማ ወቅት ሞተር ሳይክል ሲቆም ኪሳራው የጥገና ዋጋ ብቻ አይደለም። ቀይ ቡና በተለቀመበት ቀን አልጋ ላይ ካልተሰጣ በጆንያ ውስጥ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ደረጃው ይወርዳል።

ታዲያ አርሶ አደሩ ለመካኒክ ይክፈል ወይስ ራሱ ይጠግን? መልሱ እንደ ብልሽቱ ነው። ካቴና ከጭቃ ማጽዳትና ዘይት መቀባት፣ የኤንጂን ዘይት መጠን ማየት፣ የአየር ፊልትሮ ማጽዳት፣ ካንዴላ መቀየር፣ ካላማዳሪ መለጠፍ የባለቤቱ ሥራ ነው። ጥቂት ቁልፎችና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ፍሬን ማደስና ኤንጂን መክፈት ግን ለባለሙያ ይተው። በሙከራ የታሰረ ፍሬን ጉድለቱ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ የተቆጠበው ብር ሕይወት አይመልስም። መካኒክ ዘንድ ሲኬድም የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ አይቶ፣ የአዲሱን ደረሰኝ መቀበል ይገባል።

ማኅበራትም የቁልፍ ስብስብ በጋራ ቢገዙ፣ ከየቀበሌው አንድ ወጣት ቢያሠለጥኑ፣ ሞተር ሳይክሎችንም ለቀማ ሳይጀመር ቢያስፈትሹ ቡናው በሰዓቱ አልጋ ላይ ይደርሳል።