«ስሕተት ነው» ከተባለ በኋላ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የመሐንዲሶች ጉባኤ ስለ አንድ ፖሊስ የፍርድ ቤት ክስ ንግግር ሲያደምጥ፣ ነገሩ ከሙያችን ክልል የወጣ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በመሠረቱ የእጅ፣ የመሣሪያና የስሕተት ጉዳይ ስለሆነ፣ ከእኛ ይልቅ የሚመለከተው የሙያ ወገን መኖሩን እጠራጠራለሁ። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በካሊፎርኒያ በኦክላንድ ከተማ፣ ባርት የሚባለው የከተማ ባቡር ፍሩትቬል በተባለው ጣቢያ ቆመ። በባቡሩ ውስጥ ጠብ ተነሥቷል ተብለው የተጠሩት ፖሊሶች ካስወረዷቸው ወጣቶች አንዱ ኦስካር ግራንት ነበር፤ የ22 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ፣ የአንዲት ሕፃን አባት። ግራንት በጣቢያው ወለል ላይ በደረቱ ተኝቶ ሳለ ጆሃንስ ሜዘርሊ የተባለው የ27 ዓመት ፖሊስ ሽጉጡን መዝዞ ጀርባውን መታው። ወጣቱ በዚያው ጧት በሆስፒታል ሞተ። ተሳፋሪዎች ድርጊቱን ቀርጸውት ስለ ነበር፣ ዳኛ ፋይሉን ሳይከፍት ሕዝቡ ሁሉን በዓይኑ አይቶ ነበር።

ከስድስት ቀን በኋላ ኦክላንድ ታመሰች። መስኮት ተሰበረ፣ መኪና ተቃጠለ፣ ከመቶ በላይ ሰዎች ታሰሩ። ፖሊሱ በዚያው ዕለት ሥራውን ለቀቀ፤ ጃንዋሪ 13 ቀንም በጎረቤት ግዛት በኔቫዳ ተይዞ በነፍስ ግድያ ተከሰሰ። የከተማው ስሜት እጅግ በመጋሉ ክሱ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ። ጁላይ 8 ቀን 2010 ጁሪው ሜዘርሊን ከነፍስ ግድያ ነጻ አድርጎ፣ ያለ አሳብ ሰው በመግደል ብቻ ጥፋተኛ ነው አለ። የዚያን ዕለት በኦክላንድ ባለ ሱቆች በራቸውን በሳንቃ ደፍነው፣ መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኞቻቸውን ቀደም ብለው አሰናብተው ነበር፤ ሲመሽ ከ70 የሚበልጡ ሰዎች ታሰሩ። ኦክቶበር 23 ቀን የወደብ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ወጡ። በሌላ ወገን ደግሞ በዋልነት ክሪክ ከተማ ፖሊሱን የሚደግፉ ሰዎች ተሰለፉ። ኖቬምበር 5 ቀን የሁለት ዓመት እስራት ሲፈረድ ከ150 ያላነሱ ሰዎች እንደገና ታሰሩ።

በክሱ ላይ የተነሣው መከራከሪያ ይህ ነበር። ሜዘርሊ «ልመዝ ያሰብሁት ሽጉጥ ሳይሆን ቴዘር ነበር» አለ፤ ቴዘር በኤሌክትሪክ ኃይል ሰውን የሚያደነዝዝ መሣሪያ ነው። ዓቃቤ ሕጉም ቴዘሩ ቢጫ፣ ክብደቱ ከሽጉጡ እጅግ ያነሰ፣ ቦታውም በግራ በኩል እንደ ነበረ አስረዳ። «እንዲህ የተለያዩ ነገሮችን እጅ እንዴት ሊያምታታ ይችላል?» ሲል ሕዝቡም ጠየቀ። በአንጻሩ ጠበቃው ፖሊሱ ከተኮሰ በኋላ የታየበትን ድንጋጤ የስሕተት ምስክር አድርጎ አቀረበ።

እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች በጠላትነት ቢተያዩም የተከራከሩት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም «አስቦ ነው ወይስ ተሳስቶ?» የሚለው ነው። ፍርድ ቤትም ከዚህ ሌላ ሊጠይቅ አይችልም፤ የቀረበለት አንድ ሰው ነውና። የእኛም አገር የወንጀል ሕግ ቢሆን አስቦ የገደለውንና በቸልተኝነት የገደለውን ለይቶ ይቀጣል። መለየቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን «ስሕተት ነው» የሚለው ቃል ለዳኛ የመዝገብ መዝጊያ ሲሆን፣ ለመሐንዲስ የመዝገብ መክፈቻ መሆን አለበት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የተባለውን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የሚያበርሩ ሰዎች፣ መሬት ካረፉ በኋላ የክንፉን ፍላፕ የሚያጥፉ እየመሰላቸው መንኰራኵሩን እያጠፉ አውሮፕላኑን በሆዱ ይጥሉት ነበር። መዝገቡም «የአብራሪ ስሕተት» ይል ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ሲመረምር፣ ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን የተቀመጡና አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሆነው አገኘ። ስለዚህ የመንኰራኵሩ መቆጣጠሪያ ጫፍ የመንኰራኵር ቅርጽ፣ የፍላፑም የሽብልቅ ቅርጽ እንዲይዝ አደረገ። መፍትሔው ለዓይን ሳይሆን ለእጅ የተነገረ ነበር።

ቴዘሩን በዚህ ዓይን እንመልከተው። ቢጫ ቀለም ለዓይን የተሰጠ ምልክት ነው፤ በጭንቀት ሰዓት ግን እጅ ዓይንን አያማክርም። ቴዘሩ እንደ ሽጉጥ ይጨበጣል፣ እንደ ሽጉጥ ከአፎቱ ይመዘዛል፣ ቃታውም እንደ ሽጉጥ በሌባ ጣት ይሳባል። እጅ ለዓመታት የተማረውን ሽጉጥ ሳይጠራ ያገኘዋል። ይህ አደጋ ያልታወቀ አልነበረም። በ2002 በዚያው በካሊፎርኒያ፣ በማዴራ ከተማ፣ አንዲት ፖሊስ ቴዘር የመዘዘች መስሏት እጁ ታስሮ በፖሊስ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ተኩሳ ገድላለች። ከፍሩትቬል በኋላም አላቆመም። አፕሪል 11 ቀን 2021 በሚኒሶታ፣ በብሩክሊን ሴንተር፣ ኪም ፖተር የተባለች የ26 ዓመት አገልግሎት ያላት ፖሊስ «ቴዘር! ቴዘር!» እያለች የ20 ዓመቱን ዳንቴ ራይትን በሽጉጥ ገደለች። ቴዘሯ ቢጫ ነበር፤ በግራዋም ተሰክቶ ነበር። እርሷም ጥፋተኛ ተብላ ሁለት ዓመት ተፈረደባት።

ይህን ስል ፖሊሱን ከኃላፊነት ለማውጣት አይደለም። ቴዘርም ቢሆን፣ በደረቱ ተኝቶ በተያዘ ሰው ላይ ለምን ይመዘዛል? ይህ የእጅ ሳይሆን የኅሊና ጥያቄ ነው። ሰልፈኞቹም ከሁሉ አብልጠው የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ጥቁር ወጣት ሲሞት ስሕተት የሚለው ቃል ስለ ምን ቶሎ ይገኛል? ይሉ ነበር። ቁጣቸው ንብረት ባጠፋበት ጊዜ ባይደገፍም፣ በፍርድ ቤቱ ቃል ብቻ አለመርካታቸው ግን ትክክል ነበር። ባርትም በኋላ የፖሊሶቹን ሥራ የሚመረምር ነጻ መሥሪያ ቤትና የዜጎች ቦርድ ያቋቋመው በዚሁ ግፊት ነው። ሕዝቡ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ የአንድ ሰው እስራት ለሁሉም ነገር በቂ መልስ ሆኖ በተቈጠረ ነበር።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣
መወጣጫ ሲናድ፣ ቦይለር ሲፈነዳ፣ ሠራተኛ በኤሌክትሪክ ሲሞት፣ ሪፖርቱ የሚጻፈው በእኛ እጅ ነው። «የሠራተኛው ቸልተኝነት» ብሎ መፈረም ቀላል ነው፤ ሟቹም አይከራከርም። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ሪፖርት ሲቀርብልን፣ ከመፈረማችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ይህ ስሕተት ከዚህ በፊት ደርሶ ያውቃልን? መሣሪያው ስሕተቱን አመቻችቷልን? የሚቀጥለውስ ሰው በዚያው ቦታ ቆሞ አይሳሳትምን? መልሱን ያላገኘ መሐንዲስ ምርመራውን ጨርሷል ሊባል አይገባውም።