ቤቱን በዕዳ ያጣው የቤት ነጋዴ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ቤት ሲያሻሽጥ፥ ሲገምትና ሲያዋውል የሚውል ሰው፥ ቤት ለሚኖርበት ቤተ ሰብ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚዘነጋበት ቀን ብዙ ነው። የቦታው ስፋት፥ የብድሩ ወለድና የውሉ ቀን ሐሳቡን ይሻሙታል። ይህን ነገር እዘነጋለሁ ቢል እንኳ የማይቻለው አንድ ሰው ግን በዚህ ሙያ ውስጥ ነበረ፤ ስሙም ጄምስ ራውስ ይባላል። (የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ራውስ በ1914 በአሜሪካ፥ በሜሪላንድ ግዛት፥ ኢስተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በታሸጉ ምግቦች ድለላ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት በጀመረ ማግሥት፥ በ1930፥ ልጁ ገና 16 ዓመቱ ሳለ፥ እናቱም አባቱም በዚያው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። የኀዘኑ ጊዜ ሳያልፍ ደግሞ፥ ተወልዶ ያደገበትን ቤት ባንክ በዕዳ ወሰደው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ጀምሮ በገንዘብ እጦት አቋረጠ፤ ወደ ባልቲሞርም ሄዶ በአንድ ጋራዥ የሰው መኪና እያቆመ ሲሠራ፥ ማታ ማታ ሕግ ተምሮ በ1937 ተመረቀ።

ወደ ቤት ሥራ የገባውም ገና ተማሪ ሳለ ነው። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር በባልቲሞር በነበረው ቅርንጫፉ ቀጠረው። ይህ አጋጣሚ ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። መሥሪያ ቤቱ ከመቋቋሙ በፊት የአሜሪካ የቤት ብድር ዘመን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ብቻ ነበር። ተበዳሪው ከቤቱ ዋጋ ግማሽ ያህሉን አስቀድሞ ይከፍላል፤ የቀረው ዋና ዕዳ ደግሞ በዘመኑ ፍጻሜ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ደጉ ዘመን ሳለ ባንኩ ብድሩን ያድስለት ነበር፤ ባንኮች ራሳቸው በተናወጡ ጊዜ ግን የሚያድስ ጠፋ። በ1933 በየቀኑ ወደ 1,000 የሚጠጉ ቤቶች በዕዳ ይወሰዱ እንደ ነበር ይነገራል። አዲሱ መሥሪያ ቤት የቤቱን ዋጋ እስከ 80 በመቶ የሚሸፍን፥ በ20 ዓመት ውስጥ በየወሩ ተከፍሎ የሚያልቅ ብድር በመንግሥት ዋስትና እንዲሰጥ አደረገ። እንግዲህ ቤቱን በዕዳ ያጣው ልጅ እንጀራ ያገኘው፥ ቤት በዕዳ እንዳይወሰድ በሚደክም መሥሪያ ቤት ነው። ይሁን እንጂ ያው መሥሪያ ቤት ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች ለዋስትና አይበቁም እያለ ያገልል ነበር፤ ይህም በደል ለብዙ አሥርት ዓመታት የማይሽር ጠባሳ ትቷል።

በ1939 ራውስ ከአንድ ባልደረባው ጋር የቤት ብድር የሚያዋውል ኩባንያ አቋቋመ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ገበያ ማዕከሎች ሥራ ተሻገረና በለጸገ። በዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ስሙን የሚያነሣው ሰው ጥቂት በሆነ ነበር።

በ1963 ግን ወኪሎቹ በባልቲሞርና በዋሽንግተን መካከል ከ14,000 ኤከር በላይ የእርሻ መሬት ገዥው ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ በየቁራጩ ገዝተው እንደ ጨረሱ ተገለጠ። ምስጢሩ ያስፈለገው የመሬቱ ዋጋ እንዳይንር ነው፤ ይህን ዘዴ ከአድማጮች መካከል የማያውቅ የለም። ያልተለመደው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ራውስ ከመሐንዲሶቹ ጎን የትምህርት፥ የጤናና የማኅበራዊ ኑሮ ሊቃውንትን ሰብስቦ፥ ሰው በከተማ ውስጥ በደኅና እንዲኖር ምን እንደሚያስፈልገው ለወራት አወያያቸው። ከተማይቱ፥ ኮሎምቢያ ተብላ፥ በ1967 ተከፈተች። በመንደር በመንደር ተከፋፈለች፤ ጎረቤት ከጎረቤት እንዲገናኝም የፖስታ ሣጥኖቹ በአንድ ቦታ ተሰብስበው ተተከሉ። በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ የዘር አድልዎን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1968 ሲሆን፥ ኮሎምቢያ ግን አስቀድማ ጥቁሩንም ነጩንም እኩል ታስተናግድ ነበር። ወላጅ አልባው ልጅ ያጣውን ሰፈር መልሶ ሠራው የሚል ቢኖር አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ሥራውን የገፋው ትዝታ ብቻ አልነበረም። ራውስ ትርፍንም ይፈልግ ነበር፤ ይህንንም አልሸሸገም።

ትርፉ ግን ቶሎ አልመጣም። በ1974ና በ1975 የኢኮኖሚ ድቀት የኮሎምቢያ መሬት ሽያጭ ቀዘቀዘ፤ ኩባንያው በዕዳ ተጨንቆ ብዙ ሠራተኞቹን አሰናበተ። የሚበዛው ነጋዴ እጁን የሚሰበስበው በዚህ ጊዜ ነው። ራውስ ግን በቦስተን ከተማ አርጅተው የነበሩትን የፋንዩል አዳራሽ ገበያዎች ለማደስ ተነሣ። የቦስተን ባንኮች ለማበደር ቢያመነቱም፥ ገበያው በነሐሴ 1976 ተከፈተ፤ ሕዝቡም ጎረፈለት። በዚያን ጊዜ ራውስ 62 ዓመቱ ነበር።

የዕድሜውን የመጨረሻ ሥራ የቀሰቀሱት ግን ባለ ገንዘቦች አይደሉም። በ1973 ገደማ ከአንድ የዋሽንግተን ቤተ ክርስቲያን የመጡ ሴቶች፥ አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር 90 መኖሪያዎች ያሏቸውን ሁለት የተጎሳቆሉ ሕንፃዎች ለድኾች ለመግዛት ምክሩን ጠየቁት። እርሱም ሥራውን እንደማይችሉት ገልጾ ተዉት አላቸው። እነርሱ ግን ቀብዱን ከፈሉ። ሕንፃዎቹ በመቶ የሚቆጠር የደንብ ጉድለት ነበረባቸው፤ ራውስም መካሪነቱን ትቶ ብድር ወደ ማፈላለጉ ገባ። (ይህ ሰፈር ቆየት ብሎ፥ በ1980ዎቹ፥ በዋሽንግተን ያሉ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት የከፈቱበትና የተሰባሰቡበት ነው።) የኩባንያውን አመራር በ1979 ከለቀቀ በኋላ፥ በ1982 ከባለቤቱ ጋር ኢንተርፕራይዝ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ሐሳቡ ነጋዴው ኩባንያ አትርፎ ለድኾች ቤት እንዲያውል ነበረ።

በኢትዮጵያም ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ በኋላ፥ ቤት የሙያቸው መሠረት የነበረ አያሌ ሰዎች ሙያቸው ከሥራቸው ተንዶ አይተዋል። ያን ጊዜ ያሳለፈ ባልደረባ በራውስ ታሪክ ውስጥ የሚፈልገው የስኬቱን ብዛት አይደለም፤ የውድቀቱን አያያዝ ነው። ውድቀቱ ደግሞ እስከ መጨረሻው አልተለየውም። በፍሊንትና በቶሊዶ ከተሞች ያሠራቸው የገበያ ማዕከሎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዘጉ። ከ1990 ጀምሮ በባልቲሞር የሳንድታውንን ሰፈር ለማንሣት ብዙ ሚሊዮን ዶላር ፈሰሰ፤ ብዙ ቤቶችም ተሠሩ። ሆኖም በ2015 በዚያች ከተማ ሁከት በተነሣ ጊዜ፥ ሥራ አጥነቱም ድኽነቱም በሰፈሩ እንዳለ መኖሩ ታየ። ቤት ብቻውን ሥራና ትምህርት ቤት ሊሆን እንደማይችል ራውስ ራሱ አስቀድሞ ተረድቶ፥ ጤናውንም ትምህርቱንም በአንድነት ለመያዝ ሞክሮ ነበር፤ ሙከራው ግን ከዐቅሙ በላይ ሆነ።

በ1995 የአገሩን ከፍተኛ የሲቪል ኒሻን ከፕሬዚዳንቱ እጅ ተቀበለ። በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ ወር፥ በ81 ዓመቱ፥ ኮሎምቢያ ውስጥ በሚገኘው ቤቱ ዐረፈ።